ሙቀቱ ወዴት ሄደ? ምክንያትንና ውጤትን አያይዞ ስለ መጻፍ

ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር በጥሞና አንብቡ።

«የባሌ ደጋ ብርዳም ስለ ሆነ ሕዝቡ ብዙ ማገዶ ይፈጃል።»

በሰዋስው ረገድ ይህ ዓረፍተ ነገር እንከን አይወጣለትም። ባለቤት አለው፤ ማሰሪያ ግስ አለው፤ «ስለ» የተባለው መስተዋድድም ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር በደንብ አያይዞታል። ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በአገባቡ ትክክል ሆኖ ሳለ በሐሳቡ የተጓደለ ሊሆን ይችላል። የማገዶው መብዛት ምክንያት ብርዱ ብቻ ከሆነ ነገሩ መድኀኒት የለውም፤ ብርዱን ማንም ሊለውጠው አይችልምና። ስለዚህ ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው፣ ሳያውቀው፣ አንባቢውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ መክሮታል ማለት ነው።

ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዝ ድርሰት ከሌሎች የድርሰት ዓይነቶች የሚከብደው በዚህ የተነሣ ነው። ያየነውን ነገር መግለጽ አንድ ሥራ ነው፤ ያየነው ነገር ለምን እንደ ሆነ መናገር ግን ሌላ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ ስታነቡ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በልባችሁ ያዙት። ምንባቡን ከጨረስን በኋላ እንደ ገና እንጽፈዋለን።

ምንባብ፦ የደጋ ቤት

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,490 ሜትር ገደማ፣ ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎባ ደግሞ 2,740 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሰኔቲን አምባ ሲያቋርጥ 4,000 ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ ከአምባው ላይ ብቅ ያለው የቱሉ ዲምቱ ራስ 4,377 ሜትር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ይጠራል፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይሆናል። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ጋቢዋ በተገፈፈ ሌሊት ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ጠፈር ስትለቅ ታድራለች።

የሰው ቤትም እንዲሁ ነው። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ኮርኒስ ግን የሌለው አንድ ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ማታ እሳት ይነድዳል፤ ቤተሰቡ በዙሪያው ይቀመጣል። የሞቀ አየር ከቀዘቀዘው ይልቅ ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣና ከቆርቆሮው ጋር ይገናኛል። ቆርቆሮ ደግሞ ቀጭን ብረት በመሆኑ ሙቀቱን ተቀብሎ ወዲያውኑ ለውጭው ብርድ ያስረክበዋል። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ክፍተት ካለ የሞቀው አየር ቆርቆሮውን እንኳ ሳይጠብቅ በዚያ ይሾልካል፤ በወጣውም ልክ ቀዝቃዛ አየር በበሩ ሥር ይገባል። በታኅሣሥ ጧት ሳይዘንብ ጣሪያው የሚያንጠባጥብ ቤት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ ውኃ ከተኙት ሰዎች ትንፋሽና ከድስቱ እንፋሎት የመጣ ነው፤ የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሲነካው ወደ ጠብታነት ተለወጠ።

የሣር ክዳን ከዚህ ይለያል። በሣሩ ዘንጎች ውስጥና መካከል ብዙ አየር ታምቆ ይኖራል፤ የታመቀ አየርም ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ጋቢና ቡሉኮ የሚያሞቁን በዚሁ ምክንያት ነው። ጋቢ ራሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ የሰውነታችንን ሙቀት ይዞ ያቆይልናል እንጂ። ይህን ስንል ሁሉም ሰው ወደ ሣር ቤት ይመለስ ማለታችን አይደለም። የሣር ክዳን እሳት ያሰጋዋል፤ በየጊዜውም መታደስ አለበት፤ ሣሩም እንደ ድሮው በየስፍራው አይገኝም። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው አልተሳሳተም። የጎደለው ከቆርቆሮው ሥር የሚገባው ሁለተኛው ልብስ ነው። አቡጀዲ ወይም የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ተወጥሮ ኮርኒስ ሲሆን፣ በእርሱና በቆርቆሮው መካከል የሚታመቀው አየር የሣሩን ሥራ በከፊል ይሠራል። የገንዘብ አቅም ያለው ችፑድ ያስመታል። ሁለቱም ግን የሚያገለግሉት በግድግዳው ጫፍ ያለው ክፍተት አብሮ ሲደፈን ነው። ክፍተቱ ሳይደፈን ኮርኒስ መወጠር ቁልፍ ሳይኖረው በሩን እንደ መግጠም ነው።

ስለ ቤት ስናወራ የትምህርት ቤታችሁንም ክፍል አስቡ። ተቀምጦ የሚያዳምጥ አንድ ሰው ከሰውነቱ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል፤ ይህም ከአንድ የድሮ ዓይነት አምፖል ጋር የሚወዳደር ነው። 50 ተማሪዎች በአንድ ክፍል ሲቀመጡ 5,000 ዋት ገደማ ያመነጫሉ። ይህ መጠን ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበልጣል። ታዲያ በታኅሣሥ ወር በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጣቶቻችሁ ብዕር አልይዝ የሚሉት ለምንድን ነው? ምድጃው ተጥዷል፤ እናንተ ናችሁ። ነገር ግን አንዱ የመስኮት መስተዋት ተሰብሮ በካርቶን ተከድኗል፤ በሩ አይገጥምም፤ ከላይም ባዶ ቆርቆሮ ነው። በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጠናቀቀ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ነው የተሠራው። ግድግዳውና ጣሪያው ወፍራም ልብስ ለብሰው፣ ክፍተቱ ሁሉ ተደፍኖ፣ የሰዎቹ ሙቀትና በመስኮት የሚገባው ፀሐይ እንዳያመልጡ ተደርገዋል። በዚህም በዘመኑ ተራ ቤቶች ለማሞቂያ ከሚፈጁት ኃይል አንድ አሥረኛው ገደማ በቅቶታል። የዳርምሽታት ክረምት ከጎባ ብርድ የሚከፋ መሆኑን ልብ በሉ።

ከቤቱ ወደ ምድጃው እንለፍ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። በኢትዮጵያ ከሚፈጀው ኃይል ከአሥር እጅ ስምንቱን የሚያልፈው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ቅሪት የሚገኝ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚነደው በማዕድ ቤት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ወደ ምጣዱ ወይም ወደ ድስቱ የሚገባው አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በጉልቻዎቹ መካከል እየሾለከ ግድግዳውን፣ የጋጋሪዋን እግርና የማዕድ ቤቱን አየር ያሞቃል። ይህን በሸክም አስቡት። አንዲት እናት አሥር ሸክም እንጨት ተሸክማ ብትመጣ ዘጠኙን የተሸከመችው ለምጣዱ አይደለም።

እርጥብ እንጨትም ሌላ ዕዳ አለበት። እሳቱ መጀመሪያ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውኃ አፍልቶ ማትነን አለበት፤ በዚያ ላይ የጠፋው ሙቀት ለወጥ አይተርፍም፤ ጭሱም ይበዛል። እንጨትን ፈልጦ፣ ዝናብ በማያገኘው ስፍራ ደርድሮ ማድረቅ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ማገዶ ቆጣቢ ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት በአገራችን ባለሙያዎች የተዘጋጀው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን አጥሮ ወደ ምጣዱ ይመልሰዋል። ከሲሚንቶ ተቀርጾ በክፍል በክፍል የሚገጠም ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ለከሰል ደግሞ «ላቀች» የተባለው ምድጃ አለ። የእነዚህ ምድጃዎች ጥበብ ረቂቅ አይደለም፤ የሸክላና የጭቃ ሥራ የሚያውቁ እናቶች ዙሪያውን በጭቃ የሚደፍኑት ምድጃም በዚያው ሐሳብ የሚሠራ ነው። ጥያቄው ለምን በሁሉም ቤት አልገባም የሚለው ነው። የማዕድ ቤት ሥራ በሴቶች ትከሻ ላይ የወደቀ፣ የቤት ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ በአባወራው እጅ ያለ በመሆኑ፣ ሸክሙን የሚያውቀውና ምድጃውን የሚገዛው ሰው አንድ አይደሉም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ በቤታችሁ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን መርምሩት።

የከፍታው ነገርም መነሣት አለበት። በባሕር ዳርቻ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በጎባ በ91 ዲግሪ ገደማ፣ በሰኔቲ ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ በጎባ ባቄላ ለመቀቀል ከድሬዳዋ ይልቅ ረዥም ጊዜ ይወስዳል፤ እሳቱን ማጋም ግን ጊዜውን አያሳጥረውም። የሚያሳጥሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ጥራጥሬውን ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ድስቱን መክደን፣ ከፈላ በኋላም እሳቱን መቀነስ። እንዲያውም ምስር ወይም ሩዝ አንድ ጊዜ በደንብ ከፈላ በኋላ ድስቱን ከነክዳኑ አውጥቶ ገለባ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ቢቀብሩት፣ ያለ እሳት መብሰሉን ይቀጥላል። በስንዴና በገብስ አገር ገለባ አይጠፋም።

ያለ እሳት የሚዘጋጅ ምግብ ካነሣን፣ የአርሲና የባሌ ሰው ጩኮን ያውቃል። ገብሱ አንድ ጊዜ ይቆላል፤ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በተነጠረ ቅቤ ይታሻል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ቢቀመጥ ሊበላ ሲል ምድጃ አያሻውም። በሶም እንደዚሁ ነው። እነዚህን ምግቦች የፈጠሩ ሰዎች ስለ ኃይል ቁጠባ ትምህርት አልተማሩም፤ መንገድና ብርድ አስተማሯቸው።

መብራት በገባበት ቤት ነገሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይቀርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያለማቋረጥ ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 9 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል በየማታው ለአምስት ሰዓት ቢበራ ይህን ያህል ኃይል ለመፍጀት 117 ማታ ገደማ ያስፈልገዋል፤ የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ግን በ17 ማታ ተኩል ይጨርሰዋል። ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር እንረዳለን። አምፖሉን መለወጥ ይጠቅማል፤ መንግሥት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን ያሠራጨው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን አምፖል ሳያጠፋ ወጣ ተብሎ ልጅ በሚቆጣበት ቤት ምጣዱ ሊጡ ሳይደርስ ግማሽ ሰዓት ባዶውን ሲግል የሚታይ ከሆነ፣ ቁጣው ቦታውን ስቷል። ሊጡን አዘጋጅቶ ምጣዱን መለኮስ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ በትንሹ ከመጋገር አንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር፣ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በቀረው ግለት ቆሎ መቁላት፦ እነዚህ ሒሳቡ የሚያመለክታቸው መንገዶች ናቸው።

በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረው የመልካ ዋከና ኃይል ማመንጫ አቅሙ 153 ሜጋዋት ነው። 44 ሺህ ያህል የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢለኮሱ ይህን ኃይል በሙሉ ይጠጡታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ቢሆንም፣ በዚያው ስሌት አንድ ሚሊዮን ተኩል ለሚጠጉ ምጣዶች ነው የሚበቃው፤ የአገሪቱ ቤተሰብ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በበዓል ዋዜማ መብራት የሚደክምበትን ምክንያት ከዚህ ልትገምቱ ትችላላችሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ኃይልን በቁጠባ መጠቀምን የሕግ ጉዳይ አድርጎታል፤ የታሪፉም አሠራር ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እንዲል ሆኖ የተደለደለ ነው።

ከቤት ወጥተን ሜዳውን ብናይ ደግሞ የምድጃው ዕዳ የት እንደሚከፈል እንረዳለን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዳገቶቹ ላይ ጽድና ኮሶ፣ ከእነርሱም በላይ አስታ ይበቅላሉ። ዌብ፣ ገናሌና ወልመል ከእነዚሁ ተራሮች ውኃ ይዘው ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ደኑን የሚጎዳው ማገዶ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣውን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ሊያጠፉት የዘመቱበትን ትልቅ ቃጠሎ የእናቶች ምድጃ አላስነሣውም፤ ለእርሻና ለግጦሽ መሬት መመንጠርም ሌላ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ሁሉን ጥፋት በእንጨት ለቃሚዎች ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም እንጨት ሲርቅ ኩበት ይነድዳል። ኩበት በነደደ ቁጥር ለገብሱና ለስንዴው ማሳ ሊሆን የሚገባው ፍግ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ ያው ገበሬም በማግሥቱ ማዳበሪያ በገንዘብ ይገዛል።

በመጨረሻም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ይህን ሳትይዙ ከላይ የተባለውን በቤታችሁ አትሞክሩ። ቤትን መድፈንና በተደፈነ ቤት ውስጥ እሳት ማንደድ አብረው አይሄዱም። የሣር ቤት ጭስ በክዳኑ ውስጥ እየሰረገ ይወጣ ነበር፤ ሣሩንም ከነፍሳት ይጠብቀው ነበር። ኮርኒስ ያለው ቤት ግን ጭሱን ያፍነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ ጭስ የተነሣ በዓለም ላይ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይሞታሉ። ከሰል ደግሞ ጭሱ ስለማይታይ የባሰ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ በዝግ ክፍል የከሰል ማንደጃ አስቀምጦ የተኛ ቤተሰብ ላይነቃ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ምድጃውን ከመኝታው ቤት ማውጣት ወይም የጭስ መውጫ ማበጀት፣ ከዚያ በኋላ መኝታ ቤቱን መድፈን።

የምክንያት አገላለጽ በሰዋስው

በምንባቡ ውስጥ ምክንያት ከውጤት ጋር የተያያዘበት መንገድ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በአማርኛ ጥገኛው ሐረግ ከማሰሪያው ግስ ይቀድማል፤ ስለዚህ «ስለ» የያዘው ምክንያት ዘወትር ወደ ፊት ይመጣል። «ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በ91 ዲግሪ ይፈላል» እንዲሉ። ምክንያቱን ወደ ኋላ ለማምጣት ሲፈለግ በግሱ መጨረሻ ላይ «ና» ይጨመራል፤ «ወደ ምድጃው እንለፍ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና።» ይህ አገባብ ለጽሑፍ ክብደት ይሰጠዋል፤ ሲደጋገም ግን ያሰለቻል።

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አወዳድሩ።

«ቤቱ ኮርኒስ ስለሌለው ይበርዳል።»
«ቤቱ የሚበርደው ኮርኒስ ስለሌለው ነው።»

የመጀመሪያው የቤቱን መብረድ ይነግረናል፤ ምክንያቱን ጨመር አድርጎ። ሁለተኛው ግን የቤቱን መብረድ እንደሚታወቅ ነገር ቆጥሮ ምክንያቱን ዋና ነገር አድርጎታል። «ነው» የሚለው ማሰሪያ ከባድ ኀላፊነት አለበት፤ የመብረዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው፣ ሌላ አይደለም እንደ ማለት ነው። በሩ የማይገጥም ከሆነ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሐሰት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ግን እውነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌሎቹን ምክንያቶች ሳትመረምሩ በ«ስለ... ነው» አትሰሩ።

በተማሪዎች ጽሑፍ አዘውትሮ የሚታይ ስሕተት «ምክንያቱም»ን እና «ስለ»ን መደራረብ ነው። «ቤቱ ይበርዳል፤ ምክንያቱም ኮርኒስ ስለሌለው ነው» ሲባል ለአንድ ምክንያት ሁለት ምልክት ተደርጎለታል። «ቤቱ ይበርዳል፤ ምክንያቱም ኮርኒስ የለውም» ይበቃል።

ከዚህ የሚከፋው ግን የሰዋስው ሳይሆን የሐሳብ ስሕተት ነው። «ቤቱ ቆርቆሮ ከለበሰ ወዲህ ይበርዳል» እና «ቤቱ ቆርቆሮ ስለ ለበሰ ይበርዳል» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጊዜን፣ ሁለተኛው ምክንያትን ይናገራል። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መምጣቱ ከሌላው የተነሣ ለመምጣቱ ማስረጃ አይሆንም። ምናልባት ቆርቆሮው በተመታበት ወቅት ምድጃው ከቤት ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደ ገና እንጻፈው።

«የባሌ ደጋ ብርዳም ቢሆንም፣ ማገዶው የሚበዛው ከብርዱ ጽናት ይልቅ ከምድጃውና ከጣሪያው የሚያመልጠው ሙቀት ብዙ ስለ ሆነ ነው።»

ረዝሟል፤ ነገር ግን አሁን የሚሠራ ሥራ አለው። ምድጃ ይሠራል፤ ጣሪያ ይሸፈናል።

ከሐሳብ ወደ አንቀጽ

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚከተለውን አንቀጽ ጽፏል እንበል።

«በቤታችን ብዙ እንጨት ይነዳል። ምክንያቱም ብርድ ስለሆነ ነው። እናቴም እንጨት ስለምትሸከም ትደክማለች። ስለዚህ ዛፍ መትከል አለብን። መብራትም መጥፋት አለበት።»

ተማሪው ስለ እናቱ ድካም መጻፉ ደግ ነው። ይሁን እንጂ ከእናቱ ድካም እስከ ዛፍ ተከላ ድረስ ያለው መንገድ ድልድይ የለውም፤ የተተከለው ዛፍ ለማገዶ እስኪደርስ እናትየው ዓመታት ትሸከማለች። «መብራትም መጥፋት አለበት» የሚለው ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤ ሊል የፈለገውም «ማጥፋት አለብን» ሳይሆን አይቀርም። ይኸው ሐሳብ እንደዚህ ቢጻፍስ?

«በቤታችን እንጀራ የሚጋገረው በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው። ምድጃችን ሦስት ጉልቻ በመሆኑ ነበልባሉ ከምጣዱ ሥር እየሾለከ ይወጣል፤ ነፋስ በነፈሰ ቀን ከምጣዱ ይልቅ ግድግዳው ይሞቃል። ከዚህም የተነሣ አንድ ሸክም እንጨት ሁለት ጊዜ አያስጋግርም። እናቴ ሐሙስ ያመጣችው እሑድ ስለሚያልቅ ሰኞ እንደ ገና ትሄዳለች። የምድጃው ዙሪያ ቢደፈን ኖሮ የሰኞው መንገድ ሳይቀር አይቀርም ነበር።»

በዚህ አንቀጽ እያንዳንዱ ውጤት ለሚቀጥለው ምክንያት ሆኗል፤ ሾለከ፣ አለቀ፣ ሄደች። ጸሐፊው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ይቀር ነበር» ብሎ አልቆረጠም፤ ገና አልመዘነውምና። «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይመስላል»፣ «ይሆናል» የሚሉት ቃላት የደካማ ጸሐፊ መሸሸጊያ ተደርገው መታየት የለባቸውም። የሚያውቀውንና የሚገምተውን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው ምልክቶች ናቸው።

መልመጃ

ሀ. የሚቀጥሉትን ዓረፍተ ነገሮች አርሙ፤ ያረማችሁበትንም ምክንያት በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ። «ባቄላው አልበሰለም፤ ምክንያቱም እሳቱ ትንሽ ስለ ነበረ ነው።» (ይህ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው በጎባ መሆኑን አትርሱ፤ ስሕተቱ አንድ ብቻ አይደለም።) «ጋቢ ሙቀት ስለሚፈጥር ሰው ይለብሰዋል።» «አምፖል ከለወጥን ወዲህ ሒሳባችን ስለ ቀነሰ ምጣዱ ኃይል አይፈጅም።»

ለ. «ቢ... ኖሮ» የሚለውን አገባብ በመጠቀም ስለ መማሪያ ክፍላችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። ከዚያ በፊት አንድ ቀጭን ክር በእንጨት ጫፍ አሥራችሁ በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ክሩ የሚወዛወዝበት ስፍራ ነፋስ የሚገባበት ነው። ያላያችሁትን አትጻፉ።

ሐ. እናታችሁን ወይም አያታችሁን፣ ወይም በቤታችሁ ምግብ የሚያበስለውን ሰው አስፈቅዳችሁ፣ ለሦስት የማብሰያ ቀናት ከመለኮሱ በፊትና እሳቱ ከጠፋ በኋላ ያለውን እንጨት መዝኑ። ሚዛን ከሌላችሁ በእስር ቁጠሩ። በሦስተኛው ቀን ድስቱ ተከድኖ፣ ጥራጥሬውም ተዘፍዝፎ አድሮ ይቀቀል። የመብራት ምጣድ ያላችሁ ደግሞ የቆጣሪውን ቁጥር ከመለኮሱ በፊትና ከጠፋ በኋላ መዝግቡ። ያገኛችሁትን ልዩነት መነሻ አድርጋችሁ ከ250 ያላነሰ ቃል ያለው ድርሰት ጻፉ። ልዩነት ካላገኛችሁ ለምን እንዳላገኛችሁ ጻፉ፤ ውጤቱን ግን አትለውጡ።

መ. ድርሰቱን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት እንጨቱን ለሚሸከመው ሰው አንብቡለት። እርሱ ወይም እርሷ «እንዲህ አይደለም» ያለባችሁን ስፍራ በእርሳስ አስምሩበት፤ ከኅዳጉም ላይ የሰጧችሁን ምክንያት በራሳቸው አነጋገር መዝግቡት።